ከባሕር አረም የሚሠራ ፀረ-ተባይ ለውርጌሳ አርሶ አደር ምን ይፈይዳል?

ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በውጫሌና በመርሳ መካከል የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት፣ ወንዝ በተጠለፈበት ሥፍራ ደግሞ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ፍራፍሬ የሚለማበት ሞቃታማ መሬት ነው። ሙቀትና ውኃ ለሰብል እንደሚመቹ ሁሉ ለተባይም ይመቻሉ። በመስኖ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ማሳ የገበሬውን ገቢ ያሳድጋል፤ ተባዩንም ከአንዱ ወቅት ወደ ሌላው ያሸጋግራል።

የአካባቢው ሕዝብ የተባይን ጉዳት በቅርብ ያውቀዋል። በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ ተምች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የበቆሎ ማሳዎችን ማውደም ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ የበረሃ አንበጣ መንጋ ሀብሩንና ራያ ቆቦን ጨምሮ በሰሜን ወሎ ወረዳዎች ላይ ወርዶ ለአጨዳ የተቃረበ ማሽላና ጤፍ በላ። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ፈጥኖ የተገኘው መሣሪያ የኬሚካል ርጭት ነበር። ርጭቱ ተባዩን ገድሎ ሰብል ያተርፋል፤ ይሁንና ንብንም፣ ተባይ የሚበሉ ጠቃሚ ነፍሳትንም አይለይም። በቦይ ወደሚወርደው ውኃ ሲገባ ደግሞ ከብት ወደሚጠጣበትና ልብስ ወደሚታጠብበት ይደርሳል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናሉ ተብለው በዓለም ላይ ከሚጠኑት ዘዴዎች አንዱ ከባሕር አረም በሚገኙ ንጥረ ነገሮች የሚዘጋጁ፣ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ናኖ ቅንጣቶችን ለተባይ መከላከያ ማዋል ነው። ባሕር በሌለው አገር፣ ከባሕር በራቀ ወረዳ ለሚኖር አርሶ አደር ይህ ሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል። ዘዴው የቆመበት ሐሳብ ግን ለሀብሩ ማሳ የቀረበ ነው፤ ጥቅሙንም ሆነ አደጋውን አስቀድሞ መረዳት ነገ በገበያ ላይ የሚቀርበውን ዕቃ ለመመዘን ይረዳል።

መድኃኒቱ ለምን ተባዩን አያገኘውም?

የሽንኩርት ትሪፕስን ለአብነት ማየት ይቻላል። ይህ ነፍሳት ርዝመቱ ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን፣ የሽንኩርቱ ቅጠሎች ከሥር በሚገናኙበት ጠባብ ሥፍራ ተሸሽጎ የቅጠሉን ፈሳሽ ይመጥጣል። የሽንኩርት ቅጠል ሰም መሰል ልባስ ስላለው በጀርባ መርጫ የሚረጨው ጠብታ ተንከባልሎ መሬት ላይ ይወድቃል። ተባዩ በተሸሸገበት ይቀራል፤ መድኃኒቱ ግን አፈሩ ውስጥ ይገባል።

የማሽላና የበቆሎ አገዳ ቆርቁርም ከዚህ የተለየ አይደለም። ትሉ ከእንቁላል እንደወጣ ለጥቂት ቀናት በቡቃያው እምብርት ላይ ቅጠል ይመገባል። ከዚያ በኋላ አገዳውን ቦርቡሮ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አንዴ ከገባ ከውጭ የሚረጭ መድኃኒት አይደርስበትም። ተባዩ አልሞተም በሚል መጠኑን መጨመርና ርጭቱን መደጋገም ኪሳራን ያበዛል። ከዚህም በላይ መድኃኒቱን ተቋቁመው የሚተርፉት ጥቂት ተባዮች ተራብተው ያንኑ መድኃኒት የማይፈራ ትውልድ ይተካሉ።

ስለዚህ የተባይ መከላከል ጥያቄ መርዙ ምን ያህል ብርቱ ነው የሚል ብቻ ሊሆን አይችልም። ትንሽ መጠን በትክክለኛው ቦታና በትክክለኛው ጊዜ እንዴት ይድረስ የሚለው ይበልጣል። ናኖ ቴክኖሎጂ ወደ ግብርና የገባው ይህን ጥያቄ ይዞ ነው። ዓለም አቀፉ የንጹሕና ተግባራዊ ኬሚስትሪ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ተስፋ ሰጪ ያላቸውን 10 የኬሚስትሪ ቴክኖሎጂዎች ይፋ ሲያደርግ ናኖ ፀረ-ተባዮችን በዝርዝሩ አካትቷቸዋል።

ናኖ ቅንጣት ምንድን ነው?

ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ናኖ ቅንጣት የሚባለው በአብዛኛው ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር የሚለካ ነገር ሲሆን፣ የሰው ፀጉር ውፍረት በአማካይ 80 ሺሕ ናኖ ሜትር ያህል ነው።

የመጠኑ ማነስ የዕቃውን ጠባይ ይለውጠዋል። አሞሌ ጨው እንዳለ ውኃ ውስጥ ቢጣል ለመሟሟት ጊዜ ይፈጅበታል፤ ተወቅጦና ደቅቆ ሲጨመር ግን ወዲያው ይሟሟል። ጨው ያው ጨው ነው፤ የተለወጠው ከውኃው ጋር የሚገናኘው ገጽታው ነው። ናኖ ቅንጣትም እንዲሁ በጥቂት መጠን ሰፊ ገጽታ ስለሚኖረው ቅጠል ላይ በተሻለ ይጣበቃል፤ ከተባዩ አካል ጋርም በብዙ ነጥብ ይገናኛል።

የባሕር አረም በምን ይገባል?

የባሕር አረም በባሕር ዳርቻ ድንጋይ ላይና ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የሚበቅል፣ በሳይንስ አልጌ ከሚባለው ወገን የሚመደብ ነው። አረንጓዴ፣ ቀይና ቡናማ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ዓለም በዓመት ከ35 ሚሊዮን ቶን በላይ አልጌ ያመርታል፤ አብዛኛውም ከእስያ የሚገኝ ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ በታንዛኒያ ዛንዚባር የባሕር አረም እርሻ ከ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተስፋፍቶ የብዙ ሴቶች መተዳደሪያ ሆኗል።

ይህ ዕፅ መሰል ፍጡር በማዕበልና በጨው መካከል፣ በተባይና በተሐዋሲ ተከብቦ የሚኖር በመሆኑ ራሱን የሚከላከልባቸው ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች አሉት። ተመራማሪዎች የሚፈልጉትም እነዚህን ነው።

አሠራሩ በመሠረቱ ሻይ ከማፍላት ብዙም አይርቅም። የደረቀና የተፈጨ የባሕር አረም በውኃ ይፈላና ይጣራል። በተጣራው ፈሳሽ ላይ ብር ወይም ዚንክ ያለበት የጨው ሙሙት ይጨመራል። ከአረሙ የወጡት ንጥረ ነገሮች የተሟሟውን ብረት ወደ ጠጣር ጥቃቅን ቅንጣቶች ይለውጡታል፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው እንዳይተልቁም በዙሪያቸው ልባስ ይሆኗቸዋል። ብር በሚሆንበት ጊዜ ፈሳሹ ከፈዛዛ ቢጫ ወደ ቡናማ መለወጡ ቅንጣቶቹ እየተፈጠሩ ለመሆናቸው የመጀመሪያው ምልክት ነው። በፋብሪካ ለተመሳሳይ ሥራ የሚውሉ አደገኛ ኬሚካሎች ስለማያስፈልጉ ዘዴው አረንጓዴ ዝግጅት የሚል ስያሜ አግኝቷል።

በህንድና በሌሎች አገሮች በዚህ መንገድ የተዘጋጁ የብር ቅንጣቶች በትንኝ እጮችና በሰብል ተባይ ትሎች ላይ በቤተ ሙከራ ተፈትነው የመግደል አቅም አሳይተዋል። ቅንጣቶቹ ወደ ነፍሳቱ ሆድ ሲገቡ የአንጀቱን ግድግዳ ይጎዳሉ፤ የሕዋሳቱን ሥራም ያውካሉ። ትሉ መብላት ያቆማል፤ ዕድገቱ ይገታል፤ ይሞታል።

አረንጓዴ የተባለ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይኖርበታል። የአዘገጃጀቱ መንገድ ከኬሚካል የጸዳ መሆኑ የመጨረሻው ዕቃ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ብር አይበሰብስም። ማሳ ላይ የተረጨ ብር ቅርጹን ቢለውጥም ከአፈሩ ጠፍቶ አይሄድም። ተሐዋሲን የሚገድል እንደመሆኑም የአፈርን ለምነት የሚጠብቁትን ጠቃሚ ተሐዋስያን ሊጎዳ ይችላል። ሽምብራና ባቄላ ከሥራቸው እባጭ ውስጥ ከሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅን የሚያገኙ ሰብሎች ናቸውና ይህ ለሰሜን ወሎ ገበሬ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በወንዝ ውኃ ውስጥ ሲገባም ዓሣንና ሌሎች የውኃ እንስሳትን ይመርዛል።

ሌላው ልዩነት በቤተ ሙከራና በማሳ መካከል ያለው ነው። በሳህን ላይ 20 ትሎችን የገደለ ፈሳሽ በቀትር ፀሐይ፣ በነፋስና በዝናብ ውስጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል ተብሎ አይጠበቅም። ዋጋም አለ፤ ብር ውድ ማዕድን ነው።

በዚህ ምክንያት ከብር ይልቅ የበለጠ ተስፋ የሚጣልበት ሌላ መንገድ አለ። ከቡናማ የባሕር አረም አልጂኔት የሚባል ለጥላጣ ንጥረ ነገር ይገኛል። ይህ ንጥረ ነገር በምግብና በመድኃኒት ፋብሪካዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ የታወቀና በአፈር ውስጥ የሚበሰብስ ነው። ተመራማሪዎች ከእርሱ ጥቃቅን ከረጢቶችን ሠርተው እንደ ኒም ዘይት ያሉ የዕፅዋት ፀረ-ተባዮችን ውስጡ ያስቀምጣሉ። የኒም ትልቁ ድክመት ፀሐይ ሲመታው በጥቂት ቀናት ውስጥ ኃይሉን ማጣቱ ነው። ከረጢቱ ከፀሐይ ይጋርደዋል፤ ቀስ በቀስም ይለቀዋል። በዚህ ጊዜ የባሕር አረሙ ድርሻ መግደል ሳይሆን መድኃኒቱን ተሸክሞ ማድረስ ይሆናል። ሥራውን ሲጨርስም ይበሰብሳል።

ከባሕር አረም የሚገኝ የሰብል መከላከያ ከምርምር አልፎ ገበያ ላይ መዋል እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌም አለ። ላሚናሪን የተባለው ከቡናማ የባሕር አረም የሚወጣ ንጥረ ነገር በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ለሰብል ጥበቃ ተፈቅዷል። ላሚናሪን ናኖ ቅንጣት አይደለም፤ በሽታ አምጪውንም በቀጥታ አይገድልም። ተክሉ ጥቃት የደረሰበት መስሎት የራሱን መከላከያ አስቀድሞ እንዲያነቃ ያደርገዋል።

ባሕር ባይኖርም ዕውቀቱ በደጅ ነው

ኢትዮጵያ የባሕር አረም አታመርትም። ይሁን እንጂ የአረንጓዴ ዝግጅት ዘዴ በባሕር አረም ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። ብረቱን ወደ ናኖ ቅንጣት የሚለውጡት ንጥረ ነገሮች በብዙ የየብስ ዕፅዋት ቅጠል ውስጥም ይገኛሉ። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቅቤ ለማጣፈጥ ከምትውለው ኮሰረት ቅጠል የዚንክ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት፣ ከኮሶ ቅጠል ደግሞ የመዳብ ናኖ ቅንጣት አዘጋጅተው ውጤታቸውን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳትመዋል። ሙከራው የተደረገው በባክቴሪያዎች ላይ እንጂ በሰብል ተባይ ላይ አይደለም፤ ሆኖም ዘዴው በአገር ውስጥ ቤተ ሙከራ፣ በአገር ውስጥ ቅጠል እንደሚሠራ ያሳያል።

ዕፅን ለተባይ መከላከያ በማዋል ረገድ ኢትዮጵያ ለዓለም ያበረከተችው ትልቅ ግኝትም አለ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት የወንዝ ዳር በታች ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚያ የተነሣው ምርምር እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር አክሊሉ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድ በውኃ ውስጥ ቶሎ የሚበሰብስ ቢሆንም ዓሣን ይገድላል፤ ደኅንነቱን በጥናት ለማስመስከርም ተመራማሪዎቹ ረጅም ዓመታት ደክመዋል። ከዕፅ የተገኘ ነገር ሁሉ በጥንቃቄ ተመርምሮ መጠኑና አጠቃቀሙ ሊወሰን እንደሚገባ የእንዶድ ታሪክ ያስተምራል።

ለሀብሩ ገበሬ ይህን መሰሉን ምርመራ ሊያከናውኑ የሚችሉ ተቋማት በቅርቡ ይገኛሉ። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚገኘው በዚሁ በሀብሩ ወረዳ ነው። የወልድያ ዩኒቨርሲቲም በመርሳ የግብርና ካምፓስ አለው። አዲስ የተባይ መከላከያ ዘዴ በውርጌሳ የሽንኩርት መደብ ወይም በስሪንቃ የማሽላ ማሳ ላይ ካልተሞከረ በሌላ አገር የሠራ መሆኑ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። አፈሩም፣ ሙቀቱም፣ ተባዩም የተለያየ ነው።

“ናኖ” የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ቢመጣስ?

ቴክኖሎጂው በዓለም ሲስፋፋ ስሙን ብቻ የያዙ ዕቃዎች ወደ ገበያ መምጣታቸው የሚጠበቅ ነው። በኢትዮጵያ ፀረ-ተባይ ሳይመዘገብ ወደ አገር እንዳይገባና እንዳይሸጥ በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ደንግጓል። ቁጥጥሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። ባለፉት አሥርት ዓመታት በየመጋዘኑ ተከማችተው ጊዜ ያለፈባቸው ወደ 1 ሺሕ 500 ቶን የሚጠጉ ፀረ-ተባዮች በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ተሰብስበው በፊንላንድ እንዲቃጠሉ ተደርጓል። ያለ ዕቅድ የገባ መርዝ ለማስወገድም ብዙ ወጪ ይጠይቃል።

ስለዚህ ገዢው አራት ነገሮችን መጠየቅ ይኖርበታል። ዕቃው ተመዝግቧል ወይ? በውስጡ ያለው ምንድን ነው፤ ብር፣ ዚንክ፣ ኒም ወይስ ሌላ? ለየትኛው ሰብልና ለየትኛው ተባይ ተፈቀደ? ከርጭት በኋላ ምርቱ ለገበያ እስኪቀርብ ስንት ቀን መቆየት አለበት? ሻጩ ለእነዚህ መልስ ከሌለው፣ ጽሑፉም የማይነበብ ከሆነ ገንዘብን በኪስ ማቆየት ይሻላል። የመጨረሻው ጥያቄ በመርሳና በወልድያ ገበያ ቲማቲምና ጎመን የሚሸምተውን የከተማ ነዋሪም በቀጥታ ይመለከታል።

ዛሬ በእጅ ያለው

ናኖ ቅንጣቱ ከምርምር ወጥቶ ማሳ እስኪደርስ ገበሬው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ትንሽ መጠን በትክክለኛው ቦታና ጊዜ የሚለው መርሕ ያለ ቤተ ሙከራም ይሠራል።

የአገዳ ቆርቁር ትል በጋውን የሚያሳልፈው በደረቀ አገዳ ውስጥ ተኝቶ ነው። አገዳ ቆሞ ሲከመር ትሉን ከሙቀት ጠብቆ ለክረምት ያደርሰዋል። በኢትዮጵያ በተካሄደ ጥናት አገዳው በማሳ ላይ ተጋድሞ ለ4 ሳምንት ፀሐይ ሲመታ በበቆሎ 97 በመቶ፣ በማሽላ ደግሞ 100 በመቶ የሚሆነው ትል ሞቷል። ከዚያ በኋላ አገዳው ለማገዶም ለአጥርም ይውላል። ይህ ሥራ የሚጠይቀው ጉልበትና ከጎረቤት ጋር መስማማት ነው፤ አንዱ አጋድሞ ሌላው አቁሞ ከከመረ የእሳት ራቷ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ትበራለችና።

ኒም በሚበቅልባቸው ቆላማ ቀበሌዎች የዘሩን ፍሬ በጥላ አድርቆና ወቅጦ፣ በ1 ሊትር ውኃ 50 ግራም ያህል ዘፍዝፎ ማሳደር፣ በማግሥቱ አጥርቶ ጥቂት ሳሙና በመጨመር መርጨት በብዙ አገሮች የታወቀ ዘዴ ነው። ኒም ተባዩን በቅጽበት አይጥልም፤ ከመብላትና ከማደግ ያግደዋል። ስለሆነም ተባዩ ገና ሳይበዛ፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ ይረጫል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው በጥቂት መደብ ላይ ብቻ ሞክሮ ውጤቱን ቢያይ መልካም ነው።

የኬሚካል መድኃኒት የግድ ሲሆንም ከርጭት በፊት ማሳውን ዞሮ ተባዩ በእርግጥ መኖሩንና በየትኛው የዕድገት ደረጃ ላይ እንዳለ ማየት፣ ንብ ወደ ቀፎዋ በምትመለስበት የምሽት ሰዓት መርጨት፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ መርጫውን በመስኖ ቦይ ውስጥ አለማጠብ፣ ባዶውን ዕቃ ለውኃም ለዘይትም አለማዋል ያስፈልጋል። ለአገዳ ቆርቁር ከሆነ ትሉ ገና በእምብርቱ ላይ ሳለ መሆን አለበት፤ አገዳው ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረጨው ከንቱ ድካም ነው። ማሳው ላይ ያልታወቀ ተባይ ሲታይም ናሙናውን ይዞ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ማማከር ያለ ዕውቀት ከሚገዛ መድኃኒት ያድናል።

ከባሕር አረም የሚሠራው ናኖ ቅንጣት ነገ ወደ ሀብሩ ቢደርስ የሚያስፈልገው ይኸው የመመልከትና የመመዘን ልማድ ነው። ተባዩን ለይቶ የሚያውቅ፣ ጊዜውን የሚጠብቅና የሚረጨውን ነገር ምንነት የሚጠይቅ ገበሬ አዲሱን መሣሪያ በጥቂቱ ተጠቅሞ ብዙ ያተርፍበታል። ያለ መጠን የሚረጭ ሰው ግን በእጁ የሚይዘው አሮጌ ኬሚካልም ሆነ አዲስ ናኖ ቅንጣት፣ ትርፉ ወጪና የተጎዳ አፈር ይሆናል።